እህሉ በመንገዱ ላይ፣ ረሃቡ በመንገዱ ዳር፦ የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ እንደ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

በ1964 ዓ.ም. ክረምት በወሎ ጠቅላይ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ዝናቡ ቀረ። የቀጣዩ ዓመት በልግም ሳይዘንብ አለፈ። በ1965 ክረምት መጨረሻ ላይ በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉ ከተሞች በተከፈቱ መጠለያዎች ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው፤ ዝቅተኛው ግምት 40,000 ሲሆን ከፍተኛው 200,000 ይደርሳል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ሥርዓት ስላልነበረና አብዛኛው ሰው ከመጠለያ ውጭ፣ በቤቱ ወይም በመንገድ ላይ ስለሞተ ነው። ረሃቡ በረታ ከተባለ በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ስለ ረሃብ ሲነሣ ሦስት ማመካኛዎች ይደረደራሉ፦ እህል አልነበረም፣ መንገድ አልነበረም፣ ወሬው አልደረሰም። በወሎ ሦስቱም አይሠሩም። የዚያ ዓመት የአገሪቱ የምግብ ምርት ከወትሮው የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ረሃቡ ክፉኛ የመታቸው ወረዳዎች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አሥመራ በሚወጣው ዋና ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉ ናቸው። የሰብል ጉዳቱ ደግሞ በኅዳር 1965 በእርሻ ሚኒስቴር የምርት ግምገማ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ይህ ጽሑፍ በአደጋ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የሚጠቅመውን ያህል ይህንኑ ጥያቄ ይከታተላል። የሰዎች ስም አይጠቀስም፤ በያዙት ሥልጣንና በሠሩት ሥራ ብቻ ይጠራሉ።

መነሻው

የተጎዱት በዋናነት የራያና ቆቦ፣ የየጁ፣ የአምባሰል፣ የቃሉና የአውሳ አውራጃዎች ናቸው። ዋግና ላስታም አልቀረላቸውም፤ እነዚህ ሁለቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም. ላይ፣ ረሃብ አይተው ገና ያላገገሙ ነበሩ።

ገበሬው በአብዛኛው ጭሰኛ ነበር። ኪራዩን የሚከፍለው በእህል ነው፤ እንደየአካባቢው ሲሶ ወይም እኩል። ሒሳቡን ለማየት አንድ ምናባዊ ቤተሰብ እንውሰድ። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢበላ በዓመት 9 ኩንታል ያስፈልገዋል። በደኅና ዓመት 18 ኩንታል ቢያፍስና እኩሌታውን ቢሰጥ 9 ይቀረዋል፤ አንዱን ለዘር ሲያነሣ 8። የጎደለችውን አንድ ኩንታል ፍየል ሸጦ ወይም የቀን ሥራ ሠርቶ ይሞላታል። በክፉ ዓመት ግን 5 ኩንታል አገኘ እንበል። ለባለመሬቱ ሲሰጥ 2 ኩንታል ተኩል ይቀረዋል፣ ዘር ሲያነሣ 150 ኪሎ። ይህ ለአምስት ሰው የሁለት ወር ቀለብ ነው። በታኅሣሥ ያጨደ ቤት በየካቲት ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው፤ ቀጣዩ የመኸር እህል ደግሞ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረዋል።

የአፋሩ ታሪክ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተለይቶ አይነገርም። አርብቶ አደሩ ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ይዞ የሚወርደው ወደ አዋሽ ዳር ነበር። በወንዙ ወራጅ የሚለመልመው ሣር የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህ መሬት እየታጠረ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ዋለ፤ እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ ወደ 50,000 ሄክታር የሚጠጋ ለም መሬት ለመስኖ መዋሉ ተዘግቧል። በካርታ ላይ ከጠቅላላው የግጦሽ መሬት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በድርቅ ወራት ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከ1964 በፊት የነበሩት ዓመታት ዝናብ ስላላሳነሰባቸው ጉዳቱ አልታየም፤ ዝናቡ ሲቀር ነው የታጠረው መሬት ዋጋ የታወቀው።

ምልክቶቹ በታዩበት ቅደም ተከተል

ምልክት አልጠፋም። ቅደም ተከተሉን ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬም ቢሆን ረሃብ ሲመጣ የሚታየው በዚሁ ተርታ ነው።

መጀመሪያ የሰብሉ ግምት መጣ፣ በኅዳር 1965። ቀጥሎ የሰው እግር ተንቀሳቀሰ፦ በታኅሣሥ አካባቢ ከወሎ ተነሥቶ በጎዳናው ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የወረደ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ነበር፤ የቀይ መስቀል ማኅበርም ሊረዳቸው ሞክሯል። በዚያው ዓመት መጋቢት ግድም ደግሞ 1,500 ያህል ገበሬዎች እርዳታ ሊጠይቁ አዲስ አበባ ደርሰው በፖሊስ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በደሴ መንገድ ላይ ሰዎች አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ መለመን ጀመሩ። በሚያዝያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶዎቹም በግቢው ለእይታ ቀረቡ። በክረምቱ አጋማሽ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ራሳቸው ሪፖርት ጽፈው ነበር።

በገበሬው ቤት ውስጥ የነበረው ተርታ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በመጀመሪያ ምግብ ይቀነሳል፣ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ። በቤት የሚሠራ ልጅና አገልጋይ ይሰናበታል፤ መንገድ ላይ መጀመሪያ የታዩት ልመና የወጡ ሴቶችና ሕፃናት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ፍየልና በግ፣ ከዚያ የቤት ዕቃና ጌጥ ይሸጣል። ወንዱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። በመጨረሻ የሚሸጠው የእርሻ በሬ ነው፤ ከበሬው ቀጥሎ የቤቱ ክዳንና ማገር። በሬ በብዛት ወደ ገበያ ሲወጣ ካዩ የማስጠንቀቂያው ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ሰው ማዳን ብቻ ነው።

መረጃው የት ታነቀ?

የመረጃው መንገድ ከጭቃ ሹም ወደ ምክትል ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ አውራጃ፣ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ይህ ሰንሰለት የተዘረጋው ግብር ለመሰብሰብና ጸጥታ ለማስከበር ነው። ታች ያለው ሹም «ሕዝቡ ተርቧል» ብሎ ሲጽፍ በላይኛው ጆሮ «ግብሩ አይገባም» ተብሎ ይሰማል። በየደረጃው ያለው ሰው ደብዳቤውን ለማሳለፍ ጥቅም የለውም፣ ለማቆየት ግን አለው። ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚሄድ ቁጥር ቢኖር ኖሮ እንኳ፣ ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ማን ምን ያደርጋል የሚል ደንብ አልነበረም።

ወቅቱም አልተመቸም። ሐምሌ 1964 የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል ነበር፤ ግንቦት 1965 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ ተከበረ። ረሃብን በይፋ ማወጅ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱን ለመንግሥት ብቻ መስጠት ጉዳዩን ያሳንሰዋል። የእርዳታ ድርጅቶችም የሚያውቁትን ይዘው፣ መንግሥት ሳይጠይቅ አንናገርም ብለው ለወራት ዝም ብለዋል። መንግሥት ለክብሩ፣ ድርጅቶቹ ለግንኙነታቸው ሲሉ ዝም ሲሉ ጎዳናው ላይ ያለው ሰው መካከል ላይ ቀረ።

ገበያው ለምን ጥሪ አላሰማም?

የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ባለሙያም ቢሆን፣ ረሃብን የሚያየው በእህል ዋጋ ነው፦ ዋጋው ከናረ እጥረት አለ፣ ካልናረ የለም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በ1965 ከወትሮው ብዙም አልራቀም። ይህን ያየ ሰው «እህል አለ፣ ሰው ለምን ይራባል?» ቢል አያስገርምም። መልሱ ከላይ ባየነው ቤተሰብ ውስጥ አለ። ገበሬው በወትሮው የሚበላው ከራሱ ጎተራ ነው። ጎተራው ሲጎድል ወደ ገበያ መሄድ ነበረበት፤ ገንዘብ ግን የሚያገኘው ከዚያው ካጣው እህል ነው። ስለዚህ የረሃቡ ያህል ፈላጊ ገበያ ላይ አልታየም። የሚፈልግ ብዙ፣ የሚገዛ ጥቂት ሲሆን ዋጋው አይወጣም። ነጋዴውም የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ይጭናል፤ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። የተጫነ መኪና በተራበ ሰው አጠገብ የሚያልፈው በነጋዴው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ከተማው ስለሚከፍልና መንገድ ዳር ያለው ስለማይከፍል ነው።

እውነተኛውን ምልክት የሚሰጠው የእህል ዋጋ ሳይሆን የልውውጡ ሚዛን ነው፦ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ስንት ኪሎ ይገዛል? ለምሳሌ የማሽላው ዋጋ ሳይነቃነቅ የፍየሉ ዋጋ ወደ ሢሶ ቢወርድ፣ ለአርብቶ አደሩ እህል በሦስት እጥፍ ተወደደ ማለት ነው። አፋሩን የጎዳው ይኸው ነበር። ከብቱ ሣር አጥቶ ከሳ፤ ከፊሉ አለቀ፤ የቀረውን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ወጣ፤ ገዢ ጠፋ። ከብት አርቢ የሚኖረው ከብቱን ሸጦ እህል በመግዛት ነው፤ ከሥጋና ከወተት የሚገኘው የምግብ ኃይል ከእህል ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ውድ ስለሆነ በደኅናው ጊዜ ልውውጡ ያዋጣዋል። ሚዛኑ ሲገለበጥ መንጋ እያለው ይራባል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፦ ሳምንታዊ የገበያ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ቢያንስ አራት ነገር በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የዋናውን እህል ዋጋ፣ የአንድ ዓመት ፍየል ዋጋ፣ ሙያተኛ ያልሆነ የቀን ሠራተኛ ዋጋ፣ ወደ ገበያው የወጣውን የበሬና የላም ብዛት። የመጨረሻውን መቁጠር ሥራ ስለሚበዛበት ብዙ ጊዜ ይተዋል። እንዳይተው። ዋጋው ሳይለወጥ የሴት ከብትና የእርሻ በሬ ቁጥር ከተለመደው ከበዛ ቤቶች እየፈረሱ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርዳታ የአካባቢው ሰው ነበር። በጎዳናው ዳር ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ተማሪዎችና የመኪና ሾፌሮች ያላቸውን አካፈሉ። ይህ በሰነድ ብዙ ባይታይም በወቅቱ ካለው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው፤ ችግሩ ከተማው ራሱ ድሃ መሆኑና ሰው በጎረፈ ቁጥር አቅሙ ማለቁ ነው።

ሁለተኛው መጠለያ መክፈት ነበር። ሦስተኛው፣ የውጭ እርዳታ በይፋ መጠየቅ፣ ዘገየ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. አንድ የብሪታንያ ቴሌቪዥን ከወሎ የተነሣውን ፊልም ሲያሳይ ገንዘብና እህል ጎረፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኅዳር ወሎ ወረዱ። ነገር ግን የሞቱ ከፍተኛ ወቅት ክረምቱ ነበር። የ1965 ክረምት ዝናብ በአብዛኛው ቦታ ደኅና ስለነበር ጥቅምትና ኅዳር ላይ እሸት ደርሶ ነበር። እርዳታው በስፋት የገባው እንግዲህ በወሎ ሞቱ መርገብ ከጀመረ በኋላ ነው። ይህ መዘግየት ሌላ ጉዳት ነበረው፦ ዓይኑ ሁሉ ወሎ ላይ ሳለ በ1966 ድርቁ ወደ ሐረርጌና ወደ ኦጋዴን ተሻግሮ የሶማሌውን አርብቶ አደር ይጎዳ ነበር።

መጠለያው፦ የሠራውና ያልሠራው

መጠለያዎቹ ሰው አድነዋል፤ ሰውም ገድለዋል።

እህሉን ማድረስ የሚፈራውን ያህል ከባድ አልነበረም። 60,000 ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢሰጠው 300 ኩንታል ነው። 10 ቶን በሚጭን መኪና በቀን ሦስት ጉዞ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ መኪና የደርሶ መልስ ጉዞ ሦስት ቀን ብንሰጠው ዘጠኝ መኪና ይበቃል፤ ለብልሽት ሦስት ቢጨመር አሥራ ሁለት። አንድ መካከለኛ ነጋዴ የሚያንቀሳቅሰው ያህል ነው።

ከባዱ ውኃው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያሰላውም። ዛሬ በሚሠራበት ደረጃ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ሲታሰብ ለ60,000 ሰው 900,000 ሊትር ይሆናል። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 90 ጉዞ፣ በየቀኑ። ለእህሉ በቀን ሦስት ጉዞ፣ ለውኃው ዘጠና። መጠለያ የሚከፈትበትን ቦታ መምረጥ ያለበት ውኃ እንጂ አውራ ጎዳናና የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት መሆን አልነበረበትም። በወሎ የሆነው ግን ሁለተኛው ነው፤ ሰው መኪና ወዳለበት ሄደ፣ መጠለያውም ሰው ባለበት ተከፈተ። መጸዳጃው ሌላ ቁጥር ነው፦ ለ20 ሰው አንድ ጉድጓድ ቢባል 3,000፤ በአስቸኳይ ጊዜ ለ50 ሰው አንድ ቢባል እንኳ 1,200።

በእንዲህ ያለ መጨናነቅ የሚገድለው ጠኔው ብቻ አይደለም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳምባ ምች፣ እንዲሁም በቅማል የሚተላለፉት ታይፈስና የሚያገረሽ ትኩሳት አብረው ይገባሉ። ከየአምባውና ከየቆላው ተበታትኖ ይኖር የነበረ ሕፃን ከዚያ በፊት ኩፍኝ አግኝቶት ላይሆን ይችላል፤ በአንድ አዳራሽ ሲታጎር ሁሉንም በአንድ ሳምንት ያዳርሳቸዋል። ስለዚህ ዛሬ በመጠለያ በር ላይ ከምዝገባው ጋር መቅደም ያለበት ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ላሉት የኩፍኝ ክትባት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት ደግሞ ቫይታሚን ኤ ነው። ከምግቡ ጋር እኩል፣ አንዳንዴም ከምግቡ በፊት።

የምግቡ አሰጣጥም የራሱ ስሕተት ነበረበት፤ ስሕተቶቹ ዛሬም ስለሚደገሙ በዝርዝር ማየት ይሻላል።

ያልተፈጨ እህል፦ ስንዴ በጆንያ ሲታደል ወፍጮው የት ነው? ወፍጮ ካለ የማስፈጫ ከየት ይመጣል? የሚከፍለው ከራሱ ራሽን ቀንሶ ነው። ወፍጮ ከሌለ ቆሎ ወይም ንፍሮ ያደርገዋል፤ ለዚያ ማገዶ ይፈልጋል፤ በመጠለያው ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ደግሞ በሳምንታት ያልቃል። ክፉኛ ለደከመ ሰውና ለሕፃን ቆሎ ምግብ አይሆንም።

የዱቄት ወተት፦ በቆሸሸ ውኃ ሲበጠበጥ ተቅማጥ ያመጣል። ወተት ለየቤቱ በደረቁ መታደል የለበትም፤ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በፈላ ውኃ ተዘጋጅቶ እዚያው መጠጣት አለበት።

ድንገት ማጥገብ፦ ለሳምንታት ያልበላ ሰው ሙሉ ምግብ ሲሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ይወርድና ልቡ ሊቆም ይችላል። አሁን የምግብ እጥረቱ የጠናበት ሕፃን መጀመሪያ አነስተኛ ጉልበት ባለው ኤፍ 75 በሚባለው ወተት፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይጀመርለታል፤ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ 100 ወይም ከለውዝ ወደሚሠራው የሕክምና ምግብ የሚሻገረው። ልየታው ቀላል ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛው ክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ከ12.5 ካነሰ በመካከለኛ ደረጃ ተጎድቷል።

ወረፋ፦ ያለ ካርድ በሚታደልበት ቦታ ጉልበት ያለው ሁለቴ ይወስዳል፣ የወደቀው ምንም አያገኝም። ከወረፋው ጎን በየጎጆው እየዞረ የተኛውን የሚቆጥር ሰው ካልተመደበ፣ የዕደላው መዝገብ «ሁሉም ወስዷል» እያለ ሰው ይሞታል።

ከሁሉ የከፋው ግን መጠለያው ገበሬውን ከማሳው ማውጣቱ ነው። የ1965 ክረምት ሲዘንብ ብዙው መንገድ ላይ ነበር። ማሽላ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ በሚያዝያና በግንቦት መዘራት ነበረበት፤ ያ ጊዜ ካለፈ የሚቻለው ጤፍ፣ ከዚያም ካለፈ ሽምብራ ነው። ለአንድ ሄክታር ጤፍ በብተና እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበቃል። ዘሩን የበላ፣ በሬውን የሸጠ ሰው ግን ዝናቡን ከመመልከት በቀር ምን ያደርጋል? አንድ በሬ የቀረው መቀናጆ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ያለው ሁሉ በሬ አልባ ከሆነ መቀናጆውም የለም። ዝናቡ ከተመለሰም በኋላ ድህነቱ ለዓመታት የቆየው በዚህ ነው። ራሽኑ በታኅሣሥና በጥር፣ በየቀበሌው፣ ሰው ቤቱን ሳይለቅ ቢሰጥ ኖሮ ርካሽም ፈጣንም ይሆን ነበር። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት፤ ከዚያም በሚያዝያ ዘር።

ከረሃቡ ወደ አመፁ

የ1966ቱን አብዮት ረሃቡ ብቻ አላመጣውም። ጥር 4 ቀን 1966 በነገሌ ቦረና ያመፁት ወታደሮች ያነሡት የራሳቸውን የምግብና የውኃ ችግር ነው። የካቲት 11 ቀን በአዲስ አበባ ታክሲዎች የቆሙት በቤንዚን ዋጋ መወደድ ነው፤ መምህራኑ የሥራ ማቆም አድማ የመቱት በትምህርት ፖሊሲና በደመወዝ ነው። በዚያው ወር የአሥመራው ጦር አመፀ፣ ካቢኔው ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የካቲት 21 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሾመ። ወሎ የሰጠው እነዚህ የተለያዩ ቅሬታዎች ሁሉ የሚጋሩትን ክስ ነው፦ «ሕዝብ ሲያልቅ ደበቃችሁ።» ዋናው ቃል «ደበቃችሁ» ነው። ድርቅ የፈጣሪ ሊባል ይችላል፤ መደበቅ ግን ባለቤት አለው።

ደርግ ይህን በሚገባ ተጠቀመበት። በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ያው የውጭ አገር ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች እየተቀላቀሉበት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

ተጠያቂነቱ በሁለት መንገድ ተሞከረ። አንደኛው መርማሪ ኮሚሽን ነው፤ ሹማምንቱን እየጠራ ስለ ረሃቡ አያያዝ ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው የኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ነው፤ ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ፍርድ ሳይሰጥባቸው ተረሸኑ። ከፍትሕ ጥያቄው ሌላ ይህ በጥናት ዓይንም ትልቅ ኪሳራ ነው። ደብዳቤው የትኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ስንት ወር፣ በማን ትእዛዝ እንደቆየ ሊናገሩ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ከነምስክርነታቸው ጠፉ። በየካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የእኩሉ ኪራይ ሒሳብ በዚያ ተዘጋ። የመረጃው ሰንሰለት ግን እንደገና ከላይ ወደ ታች ነበር የተሠራው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከወሎ ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዓይነት አደጋ ሊወሰዱ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አስቀድሞ የተጻፈ መቀስቀሻ ያስፈልጋል። «ሁኔታው አሳሳቢ ሲሆን» የሚል መመሪያ ለማንም አይሠራም። «በሦስት ተከታታይ ገበያ የፍየልና የእህል ሚዛን በግማሽ ከወረደ የወረዳው ኃላፊ ማንንም ሳይጠይቅ ከመጋዘን ይህን ያህል ኩንታል ያወጣል» የሚል ግን ይሠራል። በዚህ አጻጻፍ ዝም ማለት ራሱ ጥፋት ይሆናል፤ በ1965 ግን ዝም ማለት ከመናገር ይልቅ ከአደጋ ያድን ነበር።

መረጃው ከአንድ በላይ በር ይኑረው። የመምህሩ፣ የሾፌሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ የካህኑና የሼኩ ወሬ በወሎ ከሹሙ ደብዳቤ ቀድሟል። እነዚህን ሰዎች የሚሰማ፣ ከግብር ሰብሳቢው የተለየ አንድ ጽሕፈት ቤት ቢኖር ወራት ይተርፍ ነበር።

ሞት ይቆጠር፣ ከመጠለያ ውጭም። በቀን ከ10,000 ሰው አንድ ከሞተ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ ከ10,000 ሁለት ከሞቱ፣ ሁኔታው የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃ ላይ ደርሷል። ለመቁጠር የሚቀለው የመቃብር ጉድጓድ ነው፤ ቀባሪዎቹን በየማለዳው መጠየቅ ከማንኛውም ቅጽ የተሻለ ቁጥር ይሰጣል።

የመንገድ ዳር ምስል ያሳስታል። ጎዳናው ላይ የሚታየው መራመድ የቻለው ነው። በወሎ ፎቶ የተነሣውም፣ የተቆጠረውም፣ የተረዳውም መንገድ የደረሰው ሰው ነበር። ከአስፋልቱ የአንድ ቀን መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ሳያዩ የተጎጂ ቁጥር መስጠት አይቻልም።

ማስጠንቀቂያው ከተቋቋመ በኋላ

በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱ ሠርቷል። መጋቢት 1976 ኮሚሽኑ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው አደጋ ላይ መሆኑንና 900,000 ቶን እህል እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። የጠየቀው ግን 450,000 ብቻ ነበር፤ ወደቡና መኪናው ከዚያ በላይ አይችልም ተብሎ ነው። በአሥራር ደረጃ ይህ ስሕተት ነበር፦ ፍላጎትና የማድረስ አቅም ለየብቻ መጻፍ ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሲቀላቀሉ ለጋሹ ትንሹን ቁጥር ይይዝና ከዚያም ላይ ይቀንሳል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

መንግሥት በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አከበረ። እርዳታው በስፋት መንቀሳቀስ የጀመረው በጥቅምት አንድ የውጭ ቴሌቪዥን በቆረም መጠለያ ያለውን የተራበ ሰው ካሳየ በኋላ ነው። መርከብ ከተስፋ ቃል እስከ ወደብ ከአራት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈጅ፣ በጥቅምት የተገባ ቃል በገበሬው ደጃፍ የሚደርሰው በየካቲትና ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ነው፦ ለጋሽ ቃል ሲገባ የእርዳታ ድርጅቱ ከመጋዘኑ በብድር ያወጣል፣ መርከቡ ሲደርስ ይመልሳል። ብድሩ በጊዜ ካልተመለሰ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንድ ተበዳሪ የሚፈቀደው መጠንና የመመለሻው ቀን በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል፣ ያልመለሰም ሁለተኛ አያወጣም።